ሚስቴ የምታዞረው ዲመር

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለውን ዲመር ከሚስቴ በቀር ማንም እንዳይነካው የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከሁሉ በላይ ያከበርኩትም እኔ ነበርኩ። ለጥገና ካልሆነ በቀር እጄን አሳርፌበት አላውቅም። በኋላ የተከዳሁት በዚሁ ሕጌ ነው።

ዲመር ለማያውቅ ሰው ልንገረው። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ግን ክብ ጆሮ አለው። ሲጫኑት ያበራል፣ ጆሮውን ሲያዞሩት ብርሃኑ እንደ ኩራዝ ክር ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ ከእኔ ቤት በቀር ዲመር ያለበት ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሙያዬ የቤት መብራት መዘርጋት ነው። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አንድ የተበላሸ ሬዲዮ፣ አንድ ሽፋኑ የወደቀ የእንግሊዝኛ የቴክኒክ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በቀን አንድ ገጽ እየፈታሁ ነው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዝን፣ ከሚመልሰው ከኒውትራል የለየሁት። ስለዚህ በራሴ እመካለሁ። መመካት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው፣ አስተማሪ ሲመጣለት መስማት ይከብደዋል። የእኔም ጠባይ ይኸው ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም።

ልጆቼን ያሳደግሁት በአንድ ምሳሌ ነው። ውሸት ማለት የላላ የሽቦ መገናኛ ነው እላቸዋለሁ። ላዩ በናስትሮ ተጠቅልሎ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይግላል፤ አንድ ቀን ቤቱን ያነደዋል። ይህን ከመደጋገሜ የተነሣ የመጨረሻዋ ልጄ ገና አፌን ስከፍት «ናስትሮ!» ብላ ትቀድመኝ ነበር። ከልጆቼ ሁሉ ሙያዬን የወደደችው እሷ ናት። ካቻቢቴ አያያዝ፣ ሽቦ አላላጥ፣ መገናኛ አጠባበቅ ሁሉ ከእኔ ተምራለች። ይህ የምናገረው ነገር ሲሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

ሚስቴ ዓይኗን ታማለች። በልጅነቷ የያዛት ትራኮማ ነው። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ሲፍቃት ኖሮ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና አስተካከሉላት። ሕመሙ ቀነሰ፤ ብርሃን መቻል ግን አልቻለችም። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። ማታ ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል ሲበራ እንባዋ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ደግሞ ደጃፉን አታይም። ስለዚህ እራት እንዳበቃ ጨለማ ወደሆነው ጓዳ ትገባ ነበር። እኔ ሳሎን፣ እሷ ጓዳ፣ በመካከላችን መጋረጃ። ቀኑን በሥራ የሚውል ሰው ከሚስቱ ጋር የሚጫወተው ከእራት በኋላ ነው። እኛ ያጣነው ያንን ነው።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ዕቃ ልገዛ ባሕር ዳር ሄጄ ያንን ዲመር አየሁት። ገዝቼ መጣሁና በማግስቱ ገጠምኩት። ሲመሽ እሷን ግድግዳው አጠገብ አቁሜ፣

«ተጫኚው» አልኳት። ተጫነችው። በራ። ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን ጆሮውን ወደ ግራ አዙሪው፤ ቀስ እያልሽ።»

አዞረችው። ብርሃኑ ወረደ፣ ወረደ፣ የጧፍ ያህል ሆነ። አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

«በቃሽ?» አልኳት።

«በቃኝ። ተባረክ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ እንዲህ ሆነ። እሷ ታዞራለች፣ እኔ በቃሽ እላለሁ፣ እሷ በቃኝ፣ ተባረክ ትላለች። ከዚያ ትቀመጥና እንጫወታለን። ዓይኗ የሚችለውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና ሌላ ሰው ጆሮውን እንዳይነካ አዘዝኩ። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ከሩቅ ነው የማሳየው።

አሁን ስለ ሚዜዬ ልናገር። ሞጣ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ በሠርጋችንም አንደኛ ሚዜ እሱ ነበር። በእኛ አገር አንደኛ ሚዜ የሙሽራው ጓደኛ ሆኖ ይሄዳል፤ የሙሽራዋ ወንድም ሆኖ ይመለሳል። ከቤቷ ሲያወጣት በወላጆቿ ፊት ወንድም ልሆናት ብሎ ይምላል። ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለእሱ ነው። ያንን መሐላ ሲምል አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ለወግ የሚባል ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሚስቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወንድሜ» ነው የምትለው፤ እሱም «እህት ዓለም» ይላታል፤ እኔና እሱ ግን «ሚዜዬ» ነው የምንባባለው።

ዓመታት አለፉ። ቢጫው አምፖል ከገበያ እየጠፋ መጣ። መጀመሪያ ጥምዝማዙ ቆጣቢ አምፖል ገባ፤ በዲመር ላይ ሲገጠም እንደ ንብ እየጮኸ ቶሎ ይጠቁራል። እኔ ግን ቢጫውን አምፖል ከየሱቁ እየለቀምኩ ሳጥን ውስጥ አከማችቼ ስለነበር አልቸገረኝም። የመጨረሻው ሲቃጠል ሞጣ ወደ ሚዜዬ ሄድኩ።

«ቢጫ የለም» አለኝ። «ዛሬ ዓለም ኤልኢዲ ሆኗል። ይኸውልህ፤ አይግል፣ አይበላ፣ አይሞት።»

«ለዲመር ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ! ምን የማይሆን አለ?»

«ለእሷ ዓይን ነው። ደህና አድርገህ አስብበት።»

«ለእህቴ መሆኑን አንተ ልትነግረኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ካርቶኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

በዚያው ዕለት በሚኒባስ ተመልሼ ገጠምኩት። ሚስቴ ተጫነችው፤ በራ። ጆሮውን ስታዞረው ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ አቧራ እንደገባበት ሰው ይርገበገብ ጀመር። ይበልጥ ስታዞረው ጠፋ። መልሳ ስታዞረው በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ሚስቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ልጄ የአምፖሉን ካርቶን ከጠረጴዛ አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ። ከዲመር ጋር አትጠቀሙ ይላል።»

«ካርቶን የሚጽፈው ነጋዴ ነው» አልኳት። «ዲመር የሚሠራው መሐንዲስ ነው።»

«ይህንንስ የጻፈው መሐንዲስ ቢሆን?»

«የላላ መገናኛ ነው። መብራት የሚርገበገበው መገናኛ ሲላላ ነው። ስንት ቤት አስተካክያለሁ?»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በመዝገበ ቃላት ማንበብ የተማረ ሰው፣ ልጁ አንብባ የነገረችውን አንድ መስመር አልቀበል አለ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ኮርኒሱን ከፍቼ ወጣሁ። መገናኛዎቹን በሙሉ ፈታሁ፣ አጠበቅሁ፣ ናስትሮ ቀየርኩ። ማታ ያው ነው። ሚስቴ «እባክህ የድሮውን ተራ ማብሪያ መልሰህ ትንሽ አምፖል ብታደርግበትስ?» አለችኝ። «ኒውትራሉ ነው» አልኳትና በሁለተኛው ቀን እንደገና ወጣሁ። በሦስተኛው ቀንም፣ በሦስተኛው ሳምንትም ወጣሁ። እሷም በየጊዜው ያንኑ ትለኝ ነበር፤ ድምፅዋ ብቻ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ እራት እንዳበቃ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረች። መጋረጃው ተመለሰ።

ሞጣ ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ዓይነት ሰጠኝ፤ እሱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አምፖሎቹን ጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው ሚዜዬ ረዘም ላለ ጊዜ አያቸው።

«ሚዜዬ፣ ዲመሩን አውጥተህ ጣለው» አለኝ።

«አሥር ዓመት ያህል የሠራ ዕቃ ነው።»

«የሠራው ከቢጫው ጋር ነው። ቢጫው ኃይል ብዙ የሚጠጣ ነበር፤ ይሄ ጠብታ የሚበቃው ነው። ለበሬ የተጠረበ ቀንበር ፍየል ላይ ብትጭን ትሸከመዋለች?»

«ታዲያ ይሆናል ብለህ ለምን ሰጠኸኝ?»

 እንደ ማፈር ብሎ በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ደግሞ የካርቶኑ ወረቀት እንኳ ልቀቅ እያለህ አልለቅ አልክ።»

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ሳቁ። ያቺ ሳቅ ናት ያሳበደችኝ።

«አንተ የእህትህን ዓይን የሸጥክ ሰው ነህ» አልኩት፤ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። ሚዜዬ ጠረጴዛውን ይዞ ቀና አለና አየኝ። «ሂድ» አለኝ። «በሰላም ግባ።»  ከዚያ በኋላ ስልክ እንኳ አልተደዋወልንም።

ከገና በኋላ ደብረ ወርቅ አካባቢ አዲስ የሚሠራ ትምህርት ቤት መብራት እንድዘረጋ ተጠርቼ አንድ ወር ተኩል እዚያው ቆየሁ። የተመለስኩት ቅዳሜ ወደ ማታ ነው። በሩን ስከፍት ሚስቴ ሳሎን ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። መብራቱ በርቷል። አይርገበገብም። ወርቅማ፣ ለስላሳ፣ ዝቅ ያለ ብርሃን ነው።

«ምን ተገኘ?» አልኩ።

ሚስቴ ወደ ልጃችን አየች፤ ልጃችን ወደ መሬት አየች።

«ያጠበቅከው መገናኛ ሳይሆን አይቀርም» አለች ሚስቴ። «ከሄድክ ወዲህ እየተስተካከለ መጣ።»

ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። ኒውትራል አንዳንዴ ውሎ አድሮ ይረጋል ብዬ አስረዳኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር የትም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም፤ እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ናስትሮ አላለችም።

በማግስቱ ምሽት ሚስቴ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ተጫነችው፤ በራ። ጆሮውን ያዘችና ወደ ግራ ቀስ ብላ አዞረችው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አየሁ። ብርሃኑ ዝቅ አለ። በመስቀሉ እምላለሁ፣ ዝቅ ሲል አይቻለሁ።

«በቃሽ?»

«በቃኝ። ተባረክ።»

ከየካቲት እስከ ግንቦት በየምሽቱ እንዲህ ስንል ከረምን።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ለሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ተናገርኩ። ኤልኢዲ ከዲመር ጋር አይሄድም የሚል ሰነፍ ነው፤ መገናኛ ማጥበቅ የማይችል ነው እያልኩ አስተማርኩ። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከደቡብ ተመድባ የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች። የሚስቴን ዓይን የምታየው እሷ ናት፤ ትሕትናዋ ልዩ ነው። የሌሊት ተራ አድራ ስትገባ መስኮቷን ሸፍና ቀን ስለምትተኛ ለክፍሏ ዝቅ ያለ ብርሃን ፈለገች። ራሴ ዲመር አስመጥቼ፣ ከኤልኢዲ ጋር ገጠምኩላት። ተርገበገበ። በጉጉት የሚጠብቁትን ነገር ያጣ ሰው ፊት አየሁባት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?»

«ይረጋል» አልኳት። «የእኛም እንዲሁ ነበር። አሁን መጥተሽ እዪው።»

በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዣት መጣሁ። መስኮቶቹን ዘግቼ ሳሎኑን አጨለምኩት። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ነርሷን ስማ ስታበቃ እኔ ወደ ዲመሩ ሳመለክት አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ።

«ቡና ላፍላ መጀመሪያ» አለች። «ምን ያስቸኩላችኋል?»

«አንድ ደቂቃ ነው» አልኩ። ለነርሷም፣ «በይ ራስሽ አዙሪው» አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ብዬ የማላውቀውን ነው ያልኩት። ሙያዬን በእጇ እንድትዳስሰው ፈለግሁ።

ተጫነችው። በራ። ጆሮውን ወደ ግራ አዞረችው። ዞረ። ብርሃኑ እንዳለ ነው። እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ወደ ቀኝ መለሰችው። ምንም የለም። እንደገና ተጫነችው፤ ጠፋ። ተጫነችው፤ በራ።

«ጋሼ» አለች ፈገግ ብላ፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ይሄኮ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ጆሮው ለጌጥ ነው እንዴ?»

ሚስቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ልጄ ከኋላዋ ነበረች። ሁለቱም ዲመሩን አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሊያስገርማቸው የሚገባ ነገር ሳያስገርማቸው ሲቀር ሰው ያውቃል።

ነርሷ ነገሩ ደስ ስላላላት ጤና ጣቢያ እፈለጋለሁ ብላ ወጣች። እኔ ቆጣሪውን አጥፍቼ ካቻቢቴዬን አመጣሁና ሁለቱን ብሎን ፈታሁ። ሽፋኑ ወጣ። ሆዱ የለም። ብርሃኑን ዝቅ የሚያደርገው ውስጡ በሙሉ ወጥቶ የሚጫኑት ማብሪያ ብቻ ቀርቷል። ጆሮው ምንም ሳይነካ በባዶ ይዞራል። ሁለቱ ሽቦዎች በቀጥታ ከማብሪያው ጋር ተገናኝተው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። መገናኛውን በጣቴ ሞከርኩት። የላላ አልነበረም። እኔ እንዳስተማርኳት ጥብቅ ብሎ ነበር።

«ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ልጄ።

«ማን አዘዘሽ?»

መልስ የሰጠችኝ ሚስቴ ናት። «ወንድሜን ጠራሁት» አለች። «አንተ ደብረ ወርቅ እያለህ ደወልኩለት። ከሞጣ መጣ። ሆዱን እሱ አወጣው፣ እሷ ሽቦውን አገናኘች። ትንሽ የሦስት ዋት አምፖል ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱን እንዳታየው ጣሪያው ላይ ባለው የመስታወት ሽፋን ውስጥ ገጠመው። ዓይኔ አረፈ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ኮርኒስ ላይ ወጣህ።»

«እኔም አንብቤልህ ነበር» አለች ልጄ።

«ተይ አንቺ!» አልኳት። «በየምሽቱ ታዞሪው ነበር» አልኩ ወደ ሚስቴ ዞሬ። «ምን ልታደርጊ ታዞሪዋለሽ?»

«ደስ እንዲልህ።»

«በቃኝ፣ ተባረክ ትዪኝ ነበር።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እሱስ እውነት ነው» አለች። «በቅቶኝ ነበር። መመረቁንም ከልቤ ነው የመረቅሁህ።»

ይህን ስትል ቁጣዬ ጨመረ እንጂ አልበረደም። ቢዋሹኝ እችል ነበር። በየምሽቱ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስመለከት፣ እነሱ ደግሞ እኔን ሲመለከቱኝ መክረማቸው ነው ያልቻልኩት። ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ደብተሯን ከፍታ፣ እናቷ ባዶ ጆሮ ስታዞር፣ አባቷ በደስታ ራሱን ሲነቀንቅ አይታለች። ለዚያች ልጅ ነው ስለ ውሸት ምሳሌ ስናገር የኖርኩት። እሷን ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላስተምራት? ደግሞም ዓይኔ! ዝቅ ሲል አይቻለሁ ብዬ የማልኩት ዓይኔ ራሱ ከእነሱ ጋር መክሯል።

በማግስቱ ነርሷ ዘንድ ሄጄ ዲመሩን አወጣሁ። ተራ ማብሪያና ትንሽ ወርቅማ አምፖል አደረግሁላት። «ይረጋል ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። «እኔንም ዋሽተውኝ ነበር።»

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ። እንዲህ ይሻለኛል» አለች። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲነግረኝ ቢያንስ ያን ቀን ሰማሁ።

ከዚያ ሞጣ ወረድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። ሚዜዬ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ አልደነገጠም። ገባና ከመሳቢያ አንድ የጋዜጣ ጥቅል አወጣ። ፈታሁት። የዲመሬ ሆድ ነው።

«እንደምትመጣ አውቄ አስቀመጥኩልህ» አለ።

«እኔ ወንድምህ ነበርኩ» አልኩት። «ከልጅነታችን ጀምሮ። በቤቴ ገብተህ፣ ሚስቴንና ልጄን አስዋሸህብኝ።»

«አዎን።»

«አዎን ብቻ?»

«ያልሆነ ነገር ይሆናል ብዬ አምፖል ሰጠሁህ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። የጅምላ ነጋዴው ይሆናል ብሎኝ ነበር፤ ራሴ አላወቅሁም። አንተን ያህል ሰው አላውቅም ብዬ መመለስ አፈርኩ። ከዚያ እሷ ደወለችልኝ። ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ አለችኝ። ለእሱ ብነግረው ኮርኒስ ይወጣል አለችኝ። ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ትነግረኛለህ!»

«ለአንተማ ነግሬህ ነበር። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። የመለስክልኝን ታስታውሰዋለህ።» ጋዜጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ሚዜዬ፣ እኔ የማልኩት ለእሷ ነው» አለ። «ላንተ አልማልኩም። ስምል አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ይህንን ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል የእኔ ነው ብዬ ስኖር፣ ለካ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ የእሷ ኖሯል። መሐላውን ጠብቋል፤ ሰው ቃሉን መጠበቅ አለበት ብዬ ለዓለም የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። በቃሉ ጸንቶ የከዳኝን ሰው በምን ልወንጅለው?

«ስለ ዓይኗ የተናገርኩህን ቃል አንሥቻለሁ» አልኩት በመጨረሻ።

«ጥሩ» አለ። «ግን ስትናገረው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ስታነሣው ማንም የለም።»

እውነቱን ነው። እጁን ጨብጬ ወጣሁ። አልተቃቀፍንም።

ወደ ቤት ስመለስ አዲስ ተራ ማብሪያ ይዤ ነበር፤ ባዶውን ዲመር ነቅዬ ልቀይረው። ሚስቴ ካቻቢቴውን ሳነሣ አይታ፣ «ተወው» አለችኝ። «እጄ ለምዶታል። ጨለማ ውስጥም አገኘዋለሁ።» ለአፍታ ያህል ብሎኑን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ መልሼ አጠበቅሁት። ሆዱን ግን አልመለስኩበትም፤ ከነጋዜጣው የድሮዎቹ ቢጫ አምፖሎች ይቀመጡበት በነበረው ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ሲመሽ እሷ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ልጄ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች፤ እንደማታነብ አውቃለሁ። ሚስቴ ተጫነችው፤ በራ። ጣቶቿ ከልማድ ጆሮውን ያዙና ትንሽ ወደ ግራ አዞሩት። ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ አላትና እጇን እንደ ትኩስ ነገር ለቀቀችው። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ብርሃኑ አሁንም ዝቅ ያለ መሰለኝ።

«በቃሽ?» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

እሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማንም ሳይጠይቃት፣

«በቃኝ» አለች።

አልመለስኩላትም። ግን ከወንበሬ ተነሥቼም አልሄድኩም።